ካውያ ከመምረጥዎ በፊት ውሃዎንና የመብራት መስመርዎን ይመልከቱ

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ውስጥ ቤቴ ተቀምጬ ልብስ እሰፋለሁ። ከስፌት የሚተርፈኝን ጨርቅ እየገጣጠምሁም የልጆች አልጋ ልብስ እሠራለሁ። እስካሁን የገዛኋቸው ሁለት የእንፋሎት ካውያዎች ብዙም ሳይቆዩ ውሃ መትፋት ጀመሩ፤ አንደኛው ደግሞ በደንበኛዬ ነጭ ቀሚስ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ጣለብኝ። ሻጮቹ ዋቱ ከፍ ያለውንና ቀዳዳው የበዛውን ውሰጂ ይሉኛል። ለስፌት የሚያስተማምነው ካውያ የትኛው ነው?»

ምላሽ፦ እኅቴ፣ ሻጮቹ የነገሩዎት መስፈርት የታጠበ ልብስ ለሚተኩስ ሰው ይሠራ ይሆናል፤ ለልብስ ሰፊ ግን አይሠራም። የታጠበ ሸሚዝ የሚተኩስ ሰው ፍላጎቱ ጭምድዱ ቶሎ እንዲለቅለት ስለሆነ ብዙ እንፋሎት የሚያወጣ ቀለል ያለ ካውያ ይበቃዋል። ልብስ ሰፊ ካውያ የሚያነሳው ግን ጨርቁን ቅርጽ ለማስያዝ ነው፤ ስፌት ይከፍትበታል፣ ጠርዝ ያጥፍበታል፣ የኮሌታ ጫፍ ያሾልበታል፣ ባለ ኮላ ማጠንከሪያ፣ ማለትም በሙቀት ከልብሱ ጋር የሚጣበቅ የውስጥ ጨርቅ፣ ይለጥፍበታል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ክብደት፣ የማይዋዥቅ ሙቀትና ለጥ ያለ የግርጌ ብረት ሲሆን እንፋሎት የሚመጣው ከእነዚህ ቀጥሎ ነው። የእንፋሎት ካውያ ቶሎ የሚበላሸውም በዚሁ በእንፋሎቱ በኩል ነው፤ ለጥገና የሚመጡልኝን ስፈታቸው የማገኘው ችግር በአብዛኛው ከውሃና ከመስመር የተነሳ እንጂ ከማርካው የመጣ አይደለም። ስለዚህ የእርስዎ ካውያዎች ለምን እንደዚህ እንደሆኑ አስቀድመን እንመልከት፤ ምክንያቱ ካልታወቀ ሦስተኛውም በዚያው መንገድ ይሄዳል።

የተለመደው የቤት የእንፋሎት ካውያ እንደ ጀበና ውሃውን በአንድ ላይ አያፈላም። ከማጠራቀሚያው በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ በኩል ጠብታ በጠብታ ወደ ግርጌው ብረት ውስጠኛ ክፍል ይለቀዋል፤ ጠብታው የጋለውን ብረት ሲነካ ወዲያው ይተንና በታች ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል። ብረቱ በቂ ሙቀት ከሌለው ግን ጠብታው ሳይተን ውሃ እንደሆነ ይወርዳል፤ ካውያው ተፋ የምንለው ይህን ነው። ይህ የሚሆንባቸው ምክንያቶች ጥቂት ናቸው። የሙቀት መምረጫው የእንፋሎት ምልክት ካለበት ቦታ በታች ተቀምጦ እንፋሎቱ ሲከፈት አንዱ ነው፤ አብዛኞቹ የቤት ካውያዎች መምረጫው ላይ በአንድ ነጥብ በተመለከተው ዝቅተኛ ሙቀት እንፋሎት መሥራት አይችሉም፣ ቢያንስ ሁለት ነጥብ ይፈልጋሉ። ብዙ እንፋሎት በአንዴ የሚያስወጣውን ቁልፍ ደጋግሞ መጫንም ብረቱን ስለሚያቀዘቅዘው ያው ውጤት ያመጣል። ሌላው፣ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው፣ የመብራት ኃይል መውረድ ነው። ዋናው ግን ውስጠኛውን ክፍል የሚሸፍነው ነጭ ቅርፊት ነው።

የመብራቱን ጉዳይ በቁጥር ላስረዳዎት። አገራችን የምትጠቀመው 220 ቮልት ነው። የካውያ ኃይል ቮልቴጁ በወረደ መጠን ብቻ አይቀንስም፤ ከዚያ በበለጠ ፍጥነት ይወርዳል። መስመርዎ ምሽት ላይ ሰው ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲለኩስ ወደ 185 ቮልት ቢወርድ፣ 2400 ዋት ተብሎ የተጻፈበት ካውያ የሚሰጥዎት 1700 ዋት ያህል ብቻ ነው። የውሃው ጠብታ ግን የመብራቱን መውረድ አያውቅም፤ የሚወርደው በራሱ ክብደት ስለሆነ መጠኑን ሳይቀንስ ይንጠባጠባል። ሙቀቱ ቀንሶ ውሃው ካልቀነሰ የሚተርፈው ውሃ ወደ ጨርቁ መምጣቱ የማይቀር ነው። ካውያዎ ጠዋት ደህና ሠርቶ ማታ ማታ ብቻ የሚተፋ ከሆነ ካውያውን ከመጠርጠርዎ በፊት መስመሩን ይጠርጥሩ፤ ለጊዜው የእንፋሎቱን መጠን መቀነስ ይበቃል።

ቅርፊቱን በሚመለከት፣ አንድ የቆየ ካውያ ተከፍቶ ቢያዩ ነገሩ ግልጽ ይሆንልዎታል። የግርጌው ብረት የላይኛው ክዳን ሲነሳ፣ አዲስ ሳለ የሚያብረቀርቀው የአሉሚኒየም ክፍል እንደ ግድግዳ ልስን በነጭና በግራጫ ቅርፊት ተሞልቶ ይገኛል፤ በጥፍር ሲጫኑት ይፈረካከሳል፣ ከሥሩ ደግሞ ቡናማ ዱቄት ይወጣል። ቅርፊቱ ሙቀት በደንብ ስለማያስተላልፍ ጠብታው የጋለውን ብረት ሳይሆን ለብ ያለ ቅርፊት ይነካል፤ ስለዚህ አይተንም። ቡናማው ነገር ደግሞ የተቃጠለ የጨርቅ ብናኝና አሚዶ፣ አንዳንዴም ዝገት ከቅርፊቱ ጋር ተደባልቆ የሚፈጠር ነው። በደንበኛዎ ቀሚስ ላይ የወረደው ይኸው ነው።

ነጠብጣቡ ገና በጨርቁ ላይ ካለ በላዩ ላይ እንደገና አይተኩሱበት፤ በረኪናም አያስነኩት፤ ክሎሪን የዝገትን እድፍ ጨርቁ ላይ ያጸናዋል። መጀመሪያ በማይታይ የውስጥ ጠርዝ ላይ ሞክረው፣ ጥቂት የሎሚ ጭማቂ በውሃ አቅጥነው ነጠብጣቡ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ያቆዩና በብዙ ንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት። እድፉ ከዝገት ወይም ከውሃ ጨው የመጣ ከሆነ ይለቃል፤ የተቃጠለ አሚዶ ከሆነ ግን ሎሚው ብዙም አይረዳም፤ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ደጋግሞ ማጠብ ይሻላል።

አሁን የቅርፊቱ ምንጭ ወደሆነው ውሃ እንምጣ። በስምጥ ሸለቆ ከከርሰ ምድር የሚወጣ ውሃ ፍሎራይድና ሶዲየም ባይካርቦኔት የሚበዛበት መሆኑ የታወቀ ነው። ብዙ ሰው ውሃውን አፍልቶና አቀዝቅዞ ካውያ ውስጥ ይጨምረዋል፤ ይህ የሚጠቅመው በከፊል ነው። ማፍላት የካልሲየምን ጨው ከድስቱ በታች ስለሚያስቀር ቅርፊቱን ይቀንሳል፤ የሶዲየሙን ጨው ግን አያወጣውም፣ ሲተን ነጭ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። በፕላስቲክ ጠርሙስ የታሸገ የመጠጥ ውሃም ማዕድን አለበት፤ ለጉሮሮ ጥሩ የሆነ ውሃ ሁሉ ለካውያ ጥሩ አይደለም። ቤትዎ የሚመጣው ውሃ ምን ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ከፈለጉ ጥቁር ወይም ጠቆር ባለ መስታወት ላይ አንድ ጠብታ የቧንቧ ውሃ፣ ከጎኑ አንድ ጠብታ የተጣራ የባትሪ ውሃ ያስቀምጡና ሁለቱም ጥላ ውስጥ ይድረቁ። የባትሪው ውሃ ከሞላ ጎደል ምልክት አይተውም፤ የቧንቧው ነጭ ቀለበት ከተወ ያ ቀለበት በየቀኑ ካውያዎ ውስጥ የሚከማቸው ነው።

ስለዚህ የምመክርዎት ነዳጅ ማደያና የመኪና መለዋወጫ መሸጫ የሚገኘውን የተጣራ የባትሪ ውሃ ነው። በዚህ ጊዜ አንድ ነገር በጥብቅ ይጠንቀቁ፦ የባትሪ ውሃና የባትሪ አሲድ በተመሳሳይ ዕቃ ታሽገው ጎን ለጎን ይሸጣሉ፤ አሲዱ ካውያውንም ጨርቁንም እጅዎንም ያቃጥላል። ጽሑፉን ያንብቡ፣ ሻጩንም ይጠይቁ፣ ክዳኑ የተከፈተ ዕቃ አይውሰዱ። አንዳንድ የካውያ አምራቾች የተጣራውን ውሃ ከቧንቧ ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ ቀላቅሉ ይላሉ፤ መመሪያው እንዲህ ካለ እሱን ይከተሉ። የጣሪያ ዝናብ ውሃ ከቆርቆሮው አቧራና ዝገት ይዞ ስለሚወርድ አይሆንም፤ ሽቶ ያለበት ውሃም እንዲሁ።

ሻጮቹ ስለሚያወሩት ዋት ደግሞ አንድ ቀላል ማጣሪያ ልስጥዎት። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1700 ሜትር ስለምትጠጋ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። በክፍል ሙቀት ያለውን አንድ ግራም ውሃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ 2600 ጁል አካባቢ ይፈጃል። ከዚህ ተነስተን ስናሰላ 1000 ዋት ያለው ካውያ ያለማቋረጥ ሊያወጣ የሚችለው እንፋሎት ቢበዛ በደቂቃ 23 ግራም፣ 2400 ዋት ያለው ደግሞ ቢበዛ 55 ግራም ነው፤ ያውም ሙቀቱ ሁሉ ለውሃው ብቻ ውሎ ለጨርቁ ምንም ካልቀረ ነው። ካርቶኑ ላይ 1200 ዋት ተብሎ ከሥሩ «በደቂቃ 45 ግራም ተከታታይ እንፋሎት» ከተጻፈ ያ ጽሑፍ እውነት ሊሆን አይችልም፤ በእንዲህ ያለ ነገር የሚዋሽ ካርቶን ስለ ሌላውም አይታመንም። በአንድ ቁልፍ ለቅጽበት የሚወጣው ኃይለኛ እንፋሎት ከዚህ ይለያል፤ እሱ ብረቱ ውስጥ የተጠራቀመውን ሙቀት ስለሚጠቀም ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል።

ከፍተኛ ዋት ሌላም ዋጋ ያስከፍላል። 2400 ዋት በ220 ቮልት ወደ 11 አምፔር ይስባል። ቀጭን ገመድ ባለው ማከፋፈያ ላይ ይህን ሰክተው፣ ከጎኑ የስፌት ማሽንዎንና መብራትዎን ካደረጉ፣ መጀመሪያ የሚቀልጠው ሶኬቱ ነው። በዚያው መስመር ላይ የእንጀራ ምጣድ ካለ ደግሞ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማብራት ፈጽሞ አይገባም። ስለዚህ የቤትዎ የመስመር ዝርጋታ የቆየ ከሆነ ከ1000 እስከ 1200 ዋት ያለው፣ አምስት አምፔር ገደማ የሚስብ ካውያ ለእርስዎ ይሻላል፤ ሥራው የሚዘገይ ቢመስልም ካውያው ከባድ ከሆነ ብረቱ ሙቀቱን ስለሚይዝ አይዘገይም።

ከዚህ በኋላ ምርጫው ይጠብባል። ልብስ ስፌት ዋና መተዳደሪያዎ ከሆነና በቀን ብዙ ሰዓት የሚተኩሱ ከሆነ፣ ያለ ማመንታት የምመክርዎት ውሃው በተንጠልጣይ ጠርሙስ የሚመጣውን የልብስ ሰፊዎች ካውያ ነው። ይህ ካውያ በራሱ ውስጥ ውሃ አይዝም፤ ውሃው ከላይ ከተሰቀለ ጠርሙስ በቀጭን ቱቦ ይወርዳል፣ እጀታው ላይ ያለውን ቁልፍ ሲጫኑ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ቫልቭ ቀጭ ብላ ትከፈትና የሚፈልጉትን ያህል እንፋሎት ብቻ ታሳልፋለች። ቁልፉን ሲለቁት ደረቅ ካውያ ይሆናል። አብዛኞቹ 1000 ዋት ገደማ ናቸው፤ ብረታቸው ከባድ ስለሆነ በእጅ ጉልበት መጫን አያስፈልግም። በዓለም ዙሪያ ባሉ የስፌት ቤቶች የታወቀው የኮሪያው ሲልቨር ስታር የዚህ ዓይነት ነው፤ መልኩን የሚመስሉ ሌሎች ብዙ ስላሉ በስሙ ሳይሆን ከታች በምነግርዎት ፈተና ይግዙት። ከሁሉ በላይ የምወድለት ነገር ተፈትቶ የሚጠገን መሆኑ ነው። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት፣ ቫልቩ፣ ቱቦው፣ ገመዱ በየብቻቸው ይለወጣሉ፤ የቤቱ ካውያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፕላስቲኩ ተጣብቆ ስለሚሠራ አንድ ነገር ሲበላሽበት ሁሉም ይጣላል።

ይህን ካውያ ሲገጥሙ ጠርሙሱን ከመተኮሻው ጠረጴዛ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ አድርገው በጠንካራ መንጠቆ ይስቀሉት፤ ዝቅ ካለ ውሃው በቂ ግፊት አይኖረውም። ጠርሙሱ ውስጥ ውሃውን የሚያጣሩ ትናንሽ የሬዚን ፍሬዎች ይኖራሉ፤ ቀለማቸው ሲለወጥ አልቀዋል ማለት ስለሆነ ይተኩ፤ ፍሬዎቹ ከሌሉ ደግሞ የተጣራ ውሃ ብቻ ይጨምሩ። ካውያው በቂጡ አይቆምም፤ ሙቀት በሚችለው የጎማ ምንጣፉ ላይ በግርጌው ይቀመጣል። ሥራ ሲጨርሱ የቱቦውን ቧንቧ ይዝጉ፤ ካልዘጉት ቫልቩ ጥቂት ካረጀ ሌሊቱን ሙሉ ጠረጴዛው ላይ ሲያንጠባጥብ ያድራል።

በሳምንት ጥቂት ሰዓት ብቻ የሚሰፉ ከሆነ ግን ለዚህ ሁሉ ገንዘብ ማውጣት የለብዎትም። ግርጌው ቀዳዳ የሌለው፣ ከባድ፣ ተራ ደረቅ ካውያ እና አንድ የውሃ መርጫ ጠርሙስ ከርካሽ የእንፋሎት ካውያ እጅግ ይበልጣሉ። ረጠብ ያለ የጥጥ ጨርቅ በሥራው ላይ አንጥፈው ሲተኩሱበት የሚወጣው እንፋሎት ከማንኛውም ካውያ አያንስም፤ የሚዘጋ ቀዳዳ ደግሞ የለውም። በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ከተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ወጥተው በግላቸው ስፌት የጀመሩ ሰዎች የፋብሪካ ዓይነት ካውያ ፈልጉልን ይሉኛል። የልብስ ፋብሪካ ካውያ እንፋሎቱን የሚያገኘው ከተለየ ቦይለር፣ ማለትም ውሃ አፍልቶ እንፋሎት ከሚያመርት ጋን፣ ሲሆን፣ የሚተኮስበት ጠረጴዛም እርጥበቱን ወደ ታች የሚስብ ነው፤ ሁለቱ ከሌሉ ካውያው ብቻውን ቤት ውስጥ ጥቅም የለውም። ባለ ትንሽ ቦይለር የሆኑት የቤት ዓይነቶች መልካም እንፋሎት ይሰጣሉ፤ ነገር ግን በእኛ ውሃ ቦይለራቸው ቶሎ በቅርፊት ስለሚሞላና ኤሌክትሮኒክስ ስለሚበዛባቸው፣ መብራት በሚዋዥቅበት ሰፈር አልመክራቸውም።

መደብር ሲሄዱ አንድ ነጭ ያገለገለ የጥጥ ጨርቅና ማስመሪያ ይዘው ይሂዱ። ማስመሪያውን በጠርዙ በግርጌው ብረት ላይ በርዝመት፣ በወርድና በሰያፍ ያስቁሙትና በብርሃን አንጻር ይዩት፤ በመካከል ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ብረቱ ለጥ ያለ አይደለም፣ ማጠንከሪያ ሲለጥፉበት መካከሉ ሳይጣበቅ ይቀራል። ከዚያ ሻጩ እንዲሰካልዎት ይጠይቁ። ካውያው ላይ ያለችው ትንሽ መብራት አንድ ጊዜ ጠፍታ ተመልሳ ስትበራ ጨርቁን በእኩል አርጥበው ጠረጴዛ ላይ ያንጥፉ፤ ካውያውን ያስቀምጡበት፣ ሳያንቀሳቅሱ እስከ አሥር ይቁጠሩና ያንሱት። ጨርቁ ላይ የካውያው ቅርጽ ይታያል፤ የደረቀው ቦታ ሙቀቱ የደረሰበት፣ ርጥብ ሆኖ የቀረው ያልደረሰበት ነው። መካከሉ ደርቆ ሹሉ ጫፍ ርጥብ ከሆነ ያ ካውያ ለስፌት አይሆንም፤ ልብስ ሰፊ በብዛት የሚሠራው በጫፉ ነውና። የእንፋሎት ካውያ ከሆነ ደግሞ እንፋሎቱን ከፍተው ጨርቁ ላይ ጠብታ መጣሉን ይመልከቱ፤ አዲስ ሆኖ የሚተፋ ካውያ ሲያረጅ አይሻለውም። እንዲሰካ የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠመዎት ሌላ መደብር ይሂዱ።

ገመዱን በእጅዎ አጣጥፈው ይዩት፤ ወፍራም፣ በክር የተሸፈነ፣ ከካውያው በሚወጣበት ቦታ በጎማ የተደገፈ፣ ምድር የሚባለውን ሦስተኛ ሽቦ የያዘ መሆን አለበት። ካውያ ውሃና መብራት አንድ ላይ የሚገናኙበት ዕቃ ስለሆነ በሁለት ሽቦ ብቻ የሚሠራውን ዋጋው ምንም ቢረክስ አይግዙ። የግርጌው ሽፋን ሴራሚክ ይሁን የማይዝግ ብረት ብዙ የሚያሳስብ አይደለም፤ ሳይጫር መቆየቱ ይበቃል።

በራሱ የሚጠፋ ካውያን በተመለከተ ሰዎች ይከራከራሉ። አብዛኞቹ በግርጌያቸው ተኝተው ለ30 ሰከንድ ካልተንቀሳቀሱ፣ ቆመው ደግሞ ለ8 ደቂቃ ያህል ካልተነኩ ይጠፋሉ። አንድ እጅጌ ሰፍተው እስኪመለሱ ካውያው ቀዝቅዞ ስለሚጠብቅዎት ሥራ ያስተጓጉላል። ቢሆንም ትናንሽ ልጆች ካሉበት ቤት ውስጥ የሚሠሩ ከሆነ መስተጓጎሉን እንዲታገሡት እመክራለሁ።

ስለ ሙቀቱ፣ በልብስ ላይ ያለው ዓለም አቀፍ ምልክት አንድ ነጥብ ዝቅተኛ፣ ሁለት ነጥብ መካከለኛ፣ ሦስት ነጥብ ከፍተኛ ሙቀት ይፈቅዳል። ጥጥ ሦስት ነጥብ፣ ፖሊስተርና ሱፍ ሁለት፣ ናይለን አንድ ነጥብ ነው። እዚህ ላይ በእኛ አገር ልብስ ልዩ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ። የሐበሻ ቀሚስ መደቡ ጥጥ ቢሆንም ጥለቱ ብዙ ጊዜ ከሰው ሠራሽ ክር ይሠራል፤ ወርቅማና ብርማው ክር ደግሞ በአብዛኛው ብረት የተቀባ ስስ ፕላስቲክ ነው። መደቡን በሦስት ነጥብ ተኩሰው በዚያው ሙቀት ጥለቱ ላይ ከሄዱ ክሩ ተኮማትሮ ጥለቱ ይሸበሸባል፣ አይመለስምም። ጥለቱን በጀርባው በኩል፣ መሸፈኛ ጨርቅ አድርገው፣ ሙቀቱን ወደ ሁለት ነጥብ አውርደው ይተኩሱ፤ ሙቀቱ ለመውረድ ጥቂት ደቂቃ ስለሚፈልግ መጀመሪያ ጥለቱን ጨርሰው ከዚያ ወደ መደቡ ቢሄዱ ይቀላል። የእጅ ሥራ ጥጥ ውሃና እንፋሎት ሲነካው ስለሚሰበሰብም ከመቁረጥዎ በፊት አጥበው ወይም በእንፋሎት በደንብ ተኩሰው ያሰባስቡት። በጠቆረ ሱፍና ፖሊስተር ላይ ማብለጭለጭ ካስቸገረዎት በካውያው ግርጌ የሚጠለቅ የቴፍሎን ጫማ አለ፤ ሙቀቱን ጥቂት ስለሚቀንስ መምረጫውን ከፍ ያደርጉታል።

አሁን የልጆቹ አልጋ ልብስ። ይህ ሥራ ከማንኛውም ስፌት ይልቅ ትክክለኛ መተኮስን የሚጠይቅ ነው፤ ብዙ ሰው ልኬቱ የጠፋው በመቁረጥ ይመስለዋል። ስድስት ሚሊሜትር ትርፍ እየተዉ ቁርጥራጮችን ሲገጣጥሙ ስፌቱ በደንብ ስላልተከፈተ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ አንድ ሚሊሜትር ታጥፎ ቢቀር፣ ሃያ መጋጠሚያ ባለው ረድፍ ላይ ሁለት ሴንቲሜትር ይጎድላል፤ ቀጣዩ ረድፍ ከእሱ ጋር መቼም አይገናኝም። መፍትሔው በደረቅ ካውያ መሥራት ነው። ሰፍተው እንደጨረሱ ሁለቱን ቁርጥራጮች ሳይከፍቱ ስፌቱን መጀመሪያ ይጫኑት፤ ክሩ ጨርቁ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ከፍተው ትርፉን ጠቆር ወዳለው ጨርቅ በማስተኛት በካውያው ጫፍ ይጫኑ። ካውያውን ያንሱና ያስቀምጡ እንጂ አይግፉት። ሲገፉት፣ በተለይም እንፋሎት ካለው፣ በድርና በማጉ አቅጣጫ ያልተቆረጠ ሰያፍ ቁርጥራጭ ይለጠጥና አራት ማዕዘኑ ይጣመማል። ከተጫነ በኋላ ሳይቀዘቅዝ አያንቀሳቅሱት። እንፋሎት የሚያስፈልገው መላው የላይኛው ገጽ ተገጣጥሞ ካለቀ በኋላ አንድ ጊዜ ለማስተካከል ብቻ ነው። መካከሉ የፖሊስተር ሙሌት ከሆነ ከተደረበ በኋላ ፈጽሞ ካውያ አያስነኩት፤ ሙሌቱ ተጣብቆ ይተኛል።

ባለ ኮላ ማጠንከሪያም በዚሁ ሥርዓት ይለጠፋል፤ ካውያው ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ሳይንቀሳቀስ ይጫናል፣ ይነሳል፣ ካለቀው ቦታ ጥቂት ተደርቦ እንደገና ይጫናል። ግርጌው ቀዳዳ የበዛበት ካውያ እዚህ ጉዳት ነው፤ ቀዳዳዎቹ ባሉበት ሁሉ ኮላው ሳይቀልጥ ይቀራል፣ ኮሌታው ሲታጠብ በዚያ በኩል ይነፋል።

የእንፋሎት ካውያ ካለዎት ሥራ እንደጨረሱ ሞቅ እንዳለ ውሃውን ይድፉት። በውስጡ ያደረ ውሃ ቅርፊት ያበዛል፣ ይሸታልም። በየሁለት ሳምንቱ ማጠራቀሚያውን በተጣራ ውሃ ሞልተው ሙቀቱን እስከ መጨረሻው ያድርሱ፣ ከሶኬት ይንቀሉት፣ ከዚያ መታጠቢያ ላይ አግድመው እንፋሎቱን ከፍተው ያወዛውዙት፤ ቅርፊቱ ከውሃው ጋር ይወርዳል። አቼቶ መጨመር የተለመደ ቢሆንም ጎማዎቹንና የክፍሉን ሽፋን ስለሚበላ ብዙ አምራቾች ይከለክላሉ፤ እኔም አልመክረውም። ግርጌው ላይ አሚዶ ከተጋገረበት ለብ ሲል በረጠበ ወፍራም ጨርቅ ይጥረጉት፤ በሽቦ አይፈትጉት።

መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚያደርጉት ካውያውን ከሶኬት መንቀል ይሁን። ብዙ ሰው በጨለማ ሻማ ፍለጋ ይነሳል፤ ካውያው በጨርቁ ላይ እንደተኛ ይቀራል፤ መብራቱ ማንም በሌለበት ሰዓት ሲመለስ ካውያው ካቆመበት ይቀጥላል። በተለይ የተንጠልጣይ ጠርሙሱ ካውያ በራሱ የማይጠፋ ስለሆነ ይህ ግዴታ ነው። ሲነቅሉም ገመዱን አይጎትቱ፤ የገመዱን መሰኪያ ይዘው ይንቀሉ፤ ከነቀሉ በኋላ የመሰኪያውን የብረት ሹካዎች በጀርባ እጅዎ ጠጋ አድርገው ሙቀታቸውን ይፈትሹ። ለብ ካሉ ምንም አይደለም፤ የሚያቃጥሉ ወይም ዙሪያቸው የጠቆረ ከሆነ ግን ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ላልቷልና አዲሱን ካውያ ከመሰካትዎ በፊት በባለሙያ ያስለውጡት።